የፊት ፍሬን ሸራ፦ ማን ይፈትሸው? ማን ይክፈለው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በዛሬው አጀንዳ ላይ «የሞተር ሳይክል ጥገና ወጪ» የሚለውን ስታነቡ፣ ይህ የአሽከርካሪዎችና የጋራዥ ጉዳይ ነው ያላችሁ ትኖራላችሁ። ደረሰኝ ስንቆጥር የምታውቁን እኛ ስለ ፍሬን ለመናገር መቆማችንም ሊያስገርማችሁ ይችላል። ነገሩ ግን ከሒሳብ የራቀ አይደለም። የፍሬን ሸራ ማለቁ አይቀርም። ሊቀር የሚችለው ማለቁን ማየት ነው። ሲያልቅ ማን ያያል፣ ያየችውስ ለመናገር ምን ትከፍላለች የሚለውን የሚወስነው ደግሞ የእኛ የወጪ አያያዝ ነው።

መኪና ሲገለበጥ ወይም ሞተር ሲጋጭ «ፍሬን እምቢ አለው» ማለት ልማዳችን ነው። አነጋገሩ ፍሬን በድንገት ያመፀ ያስመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ፍሬን እምቢ ከማለቱ በፊት ለሳምንታት ሲናገር ቆይቷል። ድምፅ አለው፣ ምልክት አለው፣ በሚሊ ሜትር የሚለካ ልክ አለው። ዛሬ የምንነጋገረው ይህን ንግግር ስለመስማት ነው።

መጀመሪያ ሞተር ሳይክል ለእኛ ምን እንደሆነ እናስታውስ። ያለነው ራጉኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ አንዋር መስጊድ፣ ከዚያም ወደ ተራዎቹ ውስጥ ለውስጥ ያለውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። አይሱዙ ቆሞ ያራግፋል፣ ጋሪ ይገፋል፣ ፍራሽ የተሸከመ ሰው ፊት ለፊቱን ሳያይ ይሻገራል፣ ልጅ ሻይ ይዞ ይሮጣል። በዚህ መሐል በርበሬያችንን፣ ሽሯችንንና በሷችንን ይዞ ኮልፌ ወይም ጉለሌ ያለ ሱቅ በሰዓቱ የሚደርሰው ሞተር ነው። የባልትናችን ገበያ የቆመው በእነዚህ ሁለት ጎማዎች ላይ ነው ብንል አላጋነንም።

ሞተሩ በቀላሉ የሚተካ ንብረትም አይደለም። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ያለ ፈቃድ ሞተር ሳይክል ማንቀሳቀስ መከልከሉን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ይዞ የሚሠራ ሞተር ዋጋው ከብረቱ በላይ ነው። ከሞተሩ በላይ ደግሞ የምትነዳው አለች። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ሳይክል ነጂዎችና ሞተር ነጂዎች ናቸው። ይህ ቁጥር መርካቶ ውስጥ ሁለቱንም ወገን ይመለከታል፤ ሞተሩ ላይ ያለችው የእኛው ልጅ ናት፣ ከፊቱ የሚሻገረውም የሰፈራችን ሰው ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንግባ። ቃሉን አትፍሩት። «ፍሬን» የጣሊያን ቃል ነው፤ «ጎማ»ም፣ «ካምቢዮ»ም፣ «ካቻቪቴ»ም እንዲሁ። ይህ ገበያ ራሱ ጣሊያን ከተማውን በያዘበት ዘመን ከአራዳ ወደዚህ ሲዛወር ስያሜውን ከዚያው ቋንቋ ወስዷል። እናቶቻችን ቃላቱን ከሰሙ 80 ዓመት አልፏል፤ ዕቃውን በእጃችን ለመንካት ጊዜው አልረፈደም። «ሸራ» የምንለው ደግሞ ሸራ ተራ የሚሸጠውን ጨርቅ አይደለም። በብረት ሳህን ላይ የተለጠፈ፣ እየተፋተገ እንዲያልቅ ታስቦ የተሠራ ጠንካራ ቁስ ነው። ሥራው ማለቅ ነው። እርሱ ካላለቀ ሞተሩ አይቆምም።

ሞተሮቻችን ከፊት የዲስክ ፍሬን አላቸው። በሌሎች ዘንድ የምታዩአቸው አንዳንድ ሞተሮች ከፊትም ታምቡር ስላላቸው አሠራራቸው ይለያል፤ ዛሬ የምንናገረው ስለ ዲስኩ ነው። አሠራሩን ለመረዳት የሐኪም ቤት መርፌን አስቡ። ሲገፉት ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደ ፊት ይሄዳል። በቀኝ እጅ በኩል ያለውን የፍሬን እጀታ ስንጨብጥም የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ወርዶ ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ ሸራውን ይገፋል። ሁለቱ ሸራዎች ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ዲስክ ከግራና ከቀኝ ቆንጥጠው ይይዙታል። ፒስተኑንና ሸራዎቹን የያዘው ቤት ካሊፐር ይባላል።

ለምን የፊቱን ለብቻ አነሣን? በአንበሳ አውቶቡስ ቆመን ስንሄድ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት እንገፋለን። ሞተርም ላይ ያው ነው። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩም፣ የነጂዋም፣ የጭነቱም ክብደት ወደ ፊተኛው ጎማ ይዞራል፤ የኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ መሬት አይቆነጥጥም፤ ስለዚህ ከማቆሙ ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በ1 ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ነጂዋ አይታ እጇን እስክትጨብጥ ድረስ ያለፈው መንገድ እንግዲህ ይኸው ነው። በዚህ ላይ ከተማችን ከሰሜን ወደ ደቡብ ቁልቁለት ናት። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በርበሬ ጭኖ መውረድ ሸራ እንዴት እንደሚበላ አሽከርካሪዎቻችን ይነግሯችኋል።

አሁን ምልክቶቹን እንያቸው። እነዚህን ለማየት ነጂ መሆን አያስፈልግም፤ ከእኛ ማንኛዋም ጎንበስ ብላ ልታያቸው ትችላለች።

አንደኛው ውፍረቱ ነው። በስልካችሁ መብራት ካሊፐሩ ውስጥ ብትመለከቱ ከብረት ሳህኑ ላይ የተለጠፈው ሸራ ይታያል። ብዙዎቹ ሸራዎች መሐላቸው ላይ ቦይ አላቸው፤ ቦዩ ከጠፋ ሸራው አልቋል። ቦይ ከሌለው፣ የተለጠፈው ቁስ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ መቀየር ይገባል። ሁለቱንም ሸራዎች እዩ፤ የካሊፐሩ ተንሸራታች ዘንግ ሲደርቅ አንደኛው ደህና መስሎ ሌላኛው ሊያልቅ ይችላል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚሰማው የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ፣ ሸራው አልቆ ሳህኑ ዲስኩን እየበላ ሊሆን ይችላል። ዲስክ ደግሞ ከሸራ በብዙ እጥፍ ይወደዳል።

ሦስተኛው የዘይቱ ልክ ነው፤ ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች ከሁሉም የሚገባን ይኸኛው ነው። ሸራ ባለቀ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለመሙላት ይወርዳል፤ በመሪው ላይ ባለችው መያዣ ውስጥ ያለው ልክ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዘይቱ ዝቅ ማለቱ ለብቻው ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ሸራው እያለቀ መሆኑን የሚመዘግብ መዝገብ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ ዘይት ጨምሮ ይሞላዋል። ይህ የጎደለውን ካዝና በብድር ሞልቶ «ሒሳቡ ልክ ነው» እንደማለት ነው። መጀመሪያ ሸራው ይታይ። ሸራው ወፍራም ሆኖ ዘይቱ ከጎደለ ደግሞ የሆነ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው፤ ያ ሞተር ከግቢ አይወጣም፣ ወደ መካኒክ ይሄዳል።

ሸራ መቀየሩን እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንናገር። ሁላችንም እናደርገዋለን ማለት አይደለም። ነገር ግን ሥራውን የማታውቅ ሴት መካኒኩ የሠራላትን መመርመር አትችልም፤ የተጠየቀችውን ከመክፈል ሌላም ምርጫ የላትም።

ገበያው ላይ እንጀምር። መርካቶ ውስጥ ለአንድ ሞተር የሚሆን ሸራ በሦስት ዓይነት ዋጋ ልታገኙ ትችላላችሁ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሳህኑን ቅርጽና የቀዳዳዎቹን ቦታ አስተያዩ። የተለጠፈው ቁስ ያልተሰነጠቀ፣ ከሳህኑ ያልተላቀቀ መሆኑን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ሁልጊዜ በጥንድ ይገዛል፣ በጥንድ ይቀየራል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። የዕቃው ጥራት ችግር ሆኖ ከተገኘ መመለሻችሁ ያ ወረቀት ነው።

ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ በመቆሚያው አቁሙት፤ ዲስኩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የዘይቱን መያዣ ዙሪያ ጥረጉና ክዳኑን ክፈቱ፤ ከሥሩ ጨርቅ አድርጉ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ያበላሻል። መያዣው ሙሉ ከሆነ በንጹሕ የመርፌ ቱቦ ጥቂት ቅዱለት፤ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲገፋ ዘይቱ ተመልሶ ስለሚወጣ ይፈስሳል።

ሸራውን የያዘውን ዘንግ ካሊፐሩ በቦታው እንዳለ ላላ አድርጉት፤ ከወረደ በኋላ ያስቸግራል። ከዚያ ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትታችሁ ከዲስኩ ላይ አውጡት። በቱቦው ተንጠልጥሎ አይቅር፤ በገመድ እሰሩት። አሮጌዎቹን ሸራዎች ከማውጣታችሁ በፊት አቀማመጣቸውን በስልክ ፎቶ አንሡ። ትንንሾቹ መያዣ ቆርቆሮዎች በየት በኩል እንደነበሩ በኋላ የሚያስታውሳችሁ ፎቶው ነው። ሸራዎቹ በወጡበት ጊዜ ማንም የፍሬኑን እጀታ እንዳይጨብጥ፤ ልጆች አጠገብ ካሉ አርቋቸው። ከተጨበጠ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል።

ጽዳቱ ላይ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ አቧራውን በአፋችሁም ሆነ በመንፊያ አትንፉት። በተለይ የድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ለሳንባ አደገኛ የሆነ ቁስ ነበረ፤ ዛሬም እያንዳንዱ ሸራ ከምን እንደተሠራ በዓይን አይለይም። በውኃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። ሁለተኛ፣ ፒስተኑን በቤንዚን ወይም በናፍታ አትጠቡት። ጎሚኒው ያብጣል፣ ይበላሻል፣ ከዚያም ዘይት ያፈስሳል። ሳሙናና ውኃ ወይም አዲስ የፍሬን ዘይት ይበቃል።

ፒስተኑን በእጅ ወይም በእንጨት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ መልሱት፤ የዘይቱን መያዣ እያያችሁ። እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ ያ የመካኒክ ሥራ ነው። አዲሶቹን ሸራዎች በንጹሕ እጅ አስገቡ። ግራሶ የሚነካው ተንሸራታቹን ዘንግ ብቻ ነው፤ እርሱም በስሱ። ሸራው ወይም ዲስኩ ላይ ጠብታ ግራሶ እንኳ ካረፈ ፍሬኑ ይንሸራተታል። ብሎኖቹን መልሳችሁ በመመሪያው ልክ አጥብቁ። ዲስኩንም ሳታዩ አትለፉት፤ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ውፍረቱ በላዩ ላይ በቁጥር ተቀርጿል።

አሁን ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ መጣ። ሥራው አልቋል ብሎ ሞተር ላይ መውጣት የለም። የፍሬኑን እጀታ ደጋግማችሁ ጨብጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜዎች እጀታው እስከ መሪው ድረስ ባዶውን ይመጣል፤ ምክንያቱም ፒስተኑ ገና ሸራው ዘንድ አልደረሰም። ይህን ሳያደርግ የሚነሣ ሰው አዲስ ሸራ ያለው፣ ፍሬን የሌለው ሞተር ነው የሚነዳው። እጀታው እስኪጠነክር ጨብጡ፤ ጎማውን አሽከርክራችሁ በነጻ መዞሩን እዩ፤ የዘይቱን ልክ አይታችሁ ክዳኑን ዝጉ። ለመጨመር የሚያስፈልግ ከሆነ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ካልተከፈተ ዕቃ ጨምሩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት በቁልቁለት ሲግል ውስጡ እንፋሎት ይፈጠርና እጀታው ስፖንጅ ይሆናል።

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ በሙሉ ኃይሉ አይዝም። በእግር ፍጥነት ተሞክሮ፣ ከዚያ ደልዳላ ቦታ ላይ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ለስለስ ባለ አያያዝ ይሟሽ። በዚያ ቀን ጭነት ጭኖ ቁልቁለት መውረድ የለም። ይህን «በዚያ ቀን» የሚለውን ያዙልን፤ ወደ ገንዘቡ የሚወስደን እርሱ ነው።

በከተማው ውስጥ የተለመደውን አሠራር ታውቁታላችሁ። ሞተሩ የባለቤቱ ነው፤ ትንንሽ ጥገና የነጂው ነው፤ ሞተሩ የቆመበት ቀን ገቢ የለም። ይህ በወረቀት ላይ ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል፤ የሚነዳው ይጠንቀቅ ለማለት ነው። እስቲ በነጂዋ ቦታ ሆነን እንየው። ሰኞ ጠዋት የመፋቅ ድምፅ ሰማች። ብትናገር ሸራውን ትገዛለች፣ የመካኒክ ትከፍላለች፣ የቀኑን ገቢ ታጣለች፣ የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ ዐርብ ነው። ዝም ብትል ምናልባት እስከ ዐርብ ምንም አይደርስም። እንግዲህ አሠራራችን ለዝምታ ደመወዝ ይከፍላል፣ እውነት የተናገረችውን ደግሞ ይቀጣል ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ከአሽከርካሪዎቻችን አንዷ አራት ቀን ሙሉ ድምፁን እየሰማች በኋላ ፍሬን ብቻ ሠርታለች። ሰው አልተጎዳም፤ ዲስኩ ግን ተበልቷል። ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ አጭር ነበር፦ «ብናገር የአራት ቀን እንጀራዬ ነው የሚሄደው፤ ሸራውን የምገዛበትም አልነበረኝም።» እኛ ይህን መልስ የስንፍና መልስ አድርገን ለማየት አልቻልንም። በትክክል የተሠራ ሒሳብ ነው፤ የተሳሳተው የምታሰላበት ደንብ ነው።

ስለዚህ ደንቡን እንቀይር እንላለን። ለማስረዳት ያህል በምሳሌ ቁጥር እንሥራው፤ የገበያው ዋጋ ይለዋወጣል፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም። አንድ ጥንድ ሸራ 800 ብር ነው እንበል፤ 8,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል እንበል። በኪሎ ሜትር 10 ሳንቲም ማለት ነው። ሸራው በሚቀየርበትና በሚሟሽበት ግማሽ ቀን ነጂዋ የምታጣው ገቢ 250 ብር ቢሆን፣ በኪሎ ሜትር ወደ 3 ሳንቲም ይመጣል። ለዘይትና ለጽዳት ጥቂት ጨምረን 15 ሳንቲም እንበለው። ሞተሩ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በቀን 9 ብር ነው። 8,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ 1,200 ብር ተጠራቅሟል፤ 800 ለሸራው፣ 250 ለነጂዋ፣ 150 ለዘይትና ለጽዳት። ማንም አልተበደረ፣ ማንም አልዋሸ።

ይህ 9 ብር ከትርፍ የሚቀነስ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ትርፍ አልነበረም። ሞተሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሸራው ያልቃል፤ ወጪው የዚያው ቀን ወጪ ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ከአምስት ወር በኋላ መሆኑ ብቻ ነው የሚያታልለን። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ይህን አይሸፍንልንም፤ በምሳሌያችን መሠረት በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሞተር 18,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሸራው በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ይቀየራል ማለት ነው። ቦሎ የሚያየው አንዱን ቀን ነው፤ የቀሩት ቀኖች የእኛ ናቸው።

የተነሡ ተቃውሞዎችን ሰምተናል፤ ሁለቱን እንመልስ።

አንዳንድ እናቶች «ይህ ከሆነ ነጂዎቹ ሸራ አለቀ እያሉ እረፍት ይወስዳሉ» ብለዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ አሮጌው ሸራ ነው። አሮጌው ሸራ አይጣልም፤ ቀኑና የሞተሩ የኪሎ ሜትር ንባብ ተጽፎበት ከደረሰኙ ጋር ወደ ሒሳብ ክፍል ይመጣል። ወፍራም ሸራ ይዛ የመጣች ትጠየቃለች። ያለቀ ሸራ ያመጣች ገንዘቧን ትቀበላለች። ከዚህ የተሻለ የወጪ ማስረጃ የለም።

ሌሎች ደግሞ «ሞተር ያላቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ ሌላው አባል ለምን ይሸከም?» ብለዋል። እድራችንን እናስብ። ለቅሶ ያልደረሰበት ቤትም በየወሩ ይከፍላል፤ ነገ የማን ቤት እንደሚንኳኳ አይታወቅም። የሞተሩ ደግሞ ከዚህም ይቀርባል፤ የሁላችን በርበሬ የሚሄደው በእነዚያው አራት ሞተሮች ነው፤ ጥቅሙ የሁላችን ሆኖ አደጋው የአራት ሰዎች ሊሆን አይገባም። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው። እድር የምንከፍለው ሰው ከሞተ በኋላ ለቀብሩ ነው። ይህኛው ግን ቀብሩ እንዳይመጣ የሚከፈል ነው።

በዚህ መሠረት ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ዘወትር ሰኞ ጠዋት ሞተሮቹ ከመውጣታቸው በፊት ነጂዋና ሌላ አንዲት አባል አብረው ይፈትሹ፤ የሁለቱን ሸራዎች ውፍረት፣ የዘይቱን ልክ፣ የእጀታውን ጥንካሬ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በደብተር ይመዝገብ፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ተራው ለሁሉም አባላት ይድረስ፤ ሞተር ነድታ የማታውቅም ትፈትሽ።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ማድረስ ገቢ በኪሎ ሜትር ተሰልቶ የፍሬን ተቀማጭ ይያዝ። ከሌላ ገንዘብ ጋር አይቀላቀል፤ ለበዓልም፣ ለስብሰባ ሻይም አይነካ።

ሦስተኛ፣ ሸራዬ አልቋል ብላ የተናገረች ነጂ ሞተሩ የቆመበትን ጊዜ ገቢ ከዚሁ ተቀማጭ ታግኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያለዚህኛው አይሠሩም። ደብተር ብንገዛ፣ ገንዘብ ብናስቀምጥ፣ የተናገረችው የምትቀጣ ከሆነ ደብተሩ ላይ «ደህና ነው» የሚል ብቻ ይጻፋል።

በመጨረሻ ለረዳችሁን ወዳጆቻችን አንድ ቃል። ሞተር ሳይክል ስትለግሱ ቁልፉን ስትሰጡ ፎቶ እንነሣለን፤ ደስታችንም እውነተኛ ነው። ሸራ ሲቀየር ግን ፎቶ የሚያነሣ የለም። የአንድ ሞተር ስጦታ ሲታሰብ የመጀመሪያው ዓመት ሸራና የፍሬን ዘይት አብሮ ቢታሰብ፣ ስጦታው ለዓመታት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሳችን በሳንቲም እንደምንሸፍነው ከላይ አይታችኋል፤ ራስ አገዝ የተባልነውም ለዚህ ነው።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናል። አንዱ አዲስ ሸራ ነው፤ ሌላው ባለፈው ክረምት ከወጡት አንዱ። እየተቀባበላችሁ በጣታችሁ ዳስሷቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንላለን፤ ቅጠሉ በእጃችን ላይ ነው።